ካይላ ሜዳ፦ የግንበኞቹ ሰፈር በጎንደር

ስለ ጎንደር ሲነሣ እዚህ አሽዶድ ያደጉት ልጆቻችን የሚያውቁት በፎቶግራፍ ያዩትን የፋሲልን ግንብ ነው። ግንቡን በመሥራት የተሳተፉት ወገኖቻችን የት ሰፈር ይኖሩ እንደነበር ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

ጎንደርን ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻ አደረጓት። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ስትሰፋ እጨጌ ቤትና አቡን ቤት የተባሉ ሰፈሮች ተመሠረቱ። በየደብሩ ቅጥር ጥድና ወይራ ይበቅላል፤ በፋሲል መዋኛም የዋርካ ሥር የድንጋዩን አጥር አቅፎ እስከ ዛሬ ይታያል። ጥላና ታሪክ ያልተለያቸው ሰፈሮች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ የቤተ እስራኤል ሰፈር ካይላ ሜዳ ነበር። አባቶቻችን ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ አንጥረኞችና ወታደሮች ሆነው ነገሥታቱን አገለገሉ፤ ለአገልግሎታቸው መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ ውሳኔው በ1678 ታደሰ። «ካይላ» የሚለውም ስም ሌሎች የሰጡን እንጂ እኛ ራሳችንን የጠራንበት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። መለየቱ በአዋጅ የመጣ ቢሆንም፣ አባቶቻችንም በበኩላቸው የ«አትንኩኝ» ሥርዓት ነበራቸው። ለመንጻት የወንዝ ውኃ ያስፈልጋቸው ስለነበር ወንዝ ዳር መስፈርን ይመርጡ ነበር። በንቀት የተከለለው ሰፈር ሰንበትና ሕግ የሚጠበቅበትም ሆነ።

ከ1769 በኋላ በዘመነ መሳፍንት የነገሥታቱ ግንባታ ሲቀዘቅዝ የግንበኞቹም ሥራ ቀነሰ፤ ብዙዎች በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ኖሩ። ለጎንደር ቅርብ የሆነችው ወለቃ የታወቀችው በሸክላዋ ነው።

አሽዶድ በ1956 ተቆርቁራ በፕላን የተሠራች፣ ሰፈሮቿም በፊደል የሚጠሩ ከተማ ናት። በሰሜን ያለው የኢንዱስትሪ ቀጠናም በመጽሐፍ ቅዱስ ለኪሶ ብለን በምናውቀው ስም ከሚጠራው ወንዝ ማዶ ነው። እዚያ ፋብሪካ ውሎ ለሚገባ አባት የእጅ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአያቶቹ መታወቂያ ነበር። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ የግንቡን ውበት ስትነግሩ የካይላ ሜዳን ስም አትዝለሉ። በፎቶግራፉ ጀርባ የነገሥታቱን ስም ብቻ ሳይሆን የሰፈራችሁንና የወንዛችሁንም ስም ጻፉ፤ የሚያስታውሱት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።