ከጆሮ የምትዘገይ ዓይን

ቋንቋችን እጅግ አጭሩን ጊዜ «ቅጽበት» ይለዋል፤ ቃሉም ከግእዝ የወረሰው ትርጉም የዓይን ጥቅሻ ነው። ፍጥነትን ለዓይን የሰጠናት እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ነው። ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም የአንድ ሰው የእንጀራ ገመድ ከተበጠሰበት ቦታ ይጀምራል።

ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ በግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ነው። አለቃው ኔቪል ማስክሊን፣ ረዳቱ ዴቪድ ኪነብሩክ ይባላሉ። ተመልካቹ በአጉሊ መነጽሩ ውስጥ ኮከቡ ቀጭኗን ክር ሲሻገር በዓይኑ ይጠብቃል፤ በጆሮው የሰዓቱን ምት ይቆጥራል፤ ሁለቱን አስማምቶም የተሻገረበትን ጊዜ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1795 የረዳቱ ቁጥር ከአለቃው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተገኘ። በ1796 መጀመሪያ ልዩነቱ 0.8 ሰከንድ ደረሰ። ማስክሊንም ረዳቱ የተዛባ ዘዴ ለምዷል ብሎ አሰናበተው።

እኔ በባንክ ቤት ሒሳብ የምይዝ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ልቤ ወደ ረዳቱ አደላ። ሁለት መዝገቦች አልስማማ ሲሉ ስሕተቱ አስቀድሞ የሚፈለገው ከታናሹ መዝገብ ነው። የአለቃው ዓይን መለኪያ፣ የረዳቱ ዓይን ተለኪ የሆነችው ግን በምን ሕግ ነው?

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል በ1820ዎቹ መጀመሪያ ራሱን ከሌሎች ስመ ጥር ተመልካቾች ጋር አነጻጸረ። ከአንደኛው ጋር የነበረው ልዩነት ከአንድ ሰከንድ በላይ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ የስንፍና ሳይሆን የሰውነት ጠባይ ኖሯል! ኪነብሩክ ግን በ1802 አርፎ ነበርና ይህን አልሰማም።

በ1860ዎቹ በስዊዘርላንድ አዶልፍ ሂርሽ አንዱን ሰከንድ በሺህ በሚከፍል መሣሪያ ሰዎችን መረመረ። ለድምፅ መልስ ለመስጠት 0.15 ሰከንድ ገደማ፣ ለብርሃን ደግሞ 0.2 ሰከንድ ገደማ ፈጀባቸው፤ ጆሮ ዓይንን ቀደመች። በአየር ላይ ብርሃን ድምፅን እጅግ ይቀድማል፤ ነገር ግን በዓይን ውስጥ በኬሚካዊ ሂደት ወደ ነርቭ መልእክት እስኪለወጥ ይዘገያል። ጆሮ ግን ንዝረቱን ከሞላ ጎደል እንደ ደረሰ ታስተላልፋለች።

የወንድና የሴት ነገርስ? በብዙ ልኬቶች ወንዶች በአማካይ በጥቂቱ ይቀድማሉ። ይሁንና በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የሮጡትን የአጭር ርቀት ሯጮች መነሻ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2011 ያሳተሙት ጽሑፍ ያስቆመኛል። በእነርሱ ስሌት የፈጣኖቹ የመልስ ወሰን ለወንዶች 0.109፣ ለሴቶች 0.121 ሰከንድ ነው። ምክንያቱን ሲመረምሩ ግን ሴቶቹ ተኩሱን ዘግይተው ሰሙ አላሉም። መነሻው ላይ የተተከለው መሣሪያ «ተነሥታለች» የሚለው እግሯ የተወሰነ ኃይል ሲያሳርፍበት ነው፤ ያ ኃይል ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ የጡንቻ ልዩነት የጆሮ ልዩነት መስሎ ይመዘገባል አሉ።

እነሆ አንባቢ ሆይ፣ ከ200 ዓመት በኋላም ጥያቄው ያው የረዳቱ ጥያቄ ነው። «ዘገየህ»፣ «ዘገየሽ» ከማለታችን በፊት መለኪያው በማን አካል ልክ እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባናል። ይህን የሚጠይቅ በጊዜው ባለመገኘቱ አንድ ሰው በ0.8 ሰከንድ ሥራውን አጥቷል።