መረዳጃ ማኅበር እንዴት ይዘጋል?

ጮሌ ውስጥ እድርና እቁብ የማያውቅ ሰው የለም። እኛም ማኅበራችንን «መረዳጃ» ያልነው ይህንኑ ይዘን ነው። ይህ ስም ግን በአገራችን መንግሥትን ያስፈራበት ዘመን ነበር።

በጥር 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቋቋመ። ዓላማው ከአባላት መዋጮ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ መሥራት ነበር። ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ ከገቡበት በኋላ አባላቱ በየክፍለ ሀገሩ በረከቱ። በ1958 ዓ.ም. ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ኢተያ ታላቅ ስብሰባ አደረገ። በዚያን ጊዜ ብዙው የአርሲ ገበሬ ጭሰኛ ስለነበር፣ የሕዝቡ መሰባሰብ ለመንግሥት ቀላል ነገር አልነበረም። በኅዳር 1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ቦምብ ሲፈነዳ የማኅበሩ መሪዎች ተከሰሱ፤ ታሰሩ፤ ማኅበሩም ተዘጋ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በሞት ተቀጡ። ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና የተከፈተው ማኅበር በ1996 ዓ.ም. ፈቃዱን ዳግመኛ ተነጠቀ።

የደርግ መንገድ ሌላ ነበር። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር (አኢሴማ) ተቋቋመ። ሴቶች በየቀበሌው ተደራጁ፤ አመራሩ ግን ከላይ ይወርድ ነበር። ማኅበር አልጠፋም፤ የራስ የሆነ ማኅበር ግን ቦታ አጣ።

ሦስተኛው መንገድ በእኛ ሙያ፣ በሒሳብ መዝገብ በኩል መጣ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ ማውጣትም ተከለከለ። በኋላ የወጣው መመሪያ ደግሞ ጉዞና ሥልጠናን የመሳሰሉ ወጪዎችን ከአስተዳደር ቆጠረ። ለተበደሉ ሴቶች በነጻ ጠበቃ ሲሆን የኖረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ ሠራተኞቹንም ቀነሰ። በሩን ማንም አላሸገውም፤ በሩን አንኳክታ የመጣችውን ሴት የሚያስተናግድ ሰው ግን አነሰ።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ አነሣ። ቢሆንም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ታግዶ ነበር።

እህቶቻችን፣ ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ በሥርዓት እንያዝ የምንለው ሰበብ እንዳናበጅ ነው። ንጹሕ መዝገብ ብቻውን ግን አያድንም፤ ሜጫና ቱለማም የሰበሰበው የአባላቱን መዋጮ ነበር። የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ተጽፏል። እያንዳንዷ አባል ይህን አንቀጽ እንደ መተዳደሪያ ደንባችን ትወቀው። ደጋፊዎቻችንም አንድ ማኅበር ሲታገድ ርዳታችሁን ወደ ሌላው ከማዞራችሁ በፊት ለምን እንደታገደ ጠይቁልን።