የዕቃ ስምና የዕቃ ጠባይ

ገበያ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው ዕቃው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዕቃው የሚነገረው ቃል ነው። ገዢው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፥ በእጁ ዳብሶ የሚገዛ ከሆነ የሻጩ ቃል ቢያንስም ቢበዛም ብዙ አይጎዳውም። ዕቃው በሩቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ገዢው በገንዘቡ የሚገዛው ቃሉን ነው። ዛሬ በኢንተርኔት በሚደረገው ጫረታ «ዕቃው እንደ ተጻፈው አይደለም» እየተባለ የሚነሣው ክርክር ከዚህ የመነጨ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ ከምንኖርበት ከጋምቤላ ታሪክ ልጀምር።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀዱ። ውሉ የኢታንግን አካባቢ ቢጠቅስም ጣቢያው የተቆረቆረው በጋምቤላ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ አራግፎ፥ ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎና በሰው ሸክም የወረደውን ቡና፥ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። በጋ ሲሆን ወንዙ ይጎድላል፤ መርከብም አይደርስም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግዲህ አስቡት። በጋምቤላ የሚገዛ ነጋዴ የከረጢቱን አፍ ፈትቶ ቡናውን ያያል። በካርቱም ያለው ደንበኛው ግን የሚያየው ደብዳቤውን ብቻ ነው። ደብዳቤው «ንጹሕ ቡና» ብሎ ከረጢቱ ከሥሩ ጠጠር ቢገኝበት፥ ባሮም ጎድሎ ቢሆን፥ ያ ሰው ዕቃውን ለመመለስ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ አንዲት የሐሰት ቃል የአንድ ዓመት ንግድ ልታበላሽ ትችላለች።

የዘመኑ ገንዘብ ራሱ ትምህርት አለው። ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነበር። ንግሥቲቱ ከሞተች ብዙ ዘመን በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ዓመተ ምሕረቱ እውነት ባይሆንም ብሩ ግን ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ጥራቱም ያው ስለ ነበረ ሰው ተማምኖ ይቀበለው ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይመለከታል፤ ያረጀውንና የተፋቀውን ይመልሳል። እምነት ምርመራን አያስቀርም።

ወደ ዛሬው እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. መጨረሻ ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው በአሜሪካ በኢንተርኔት የሚደረግ የጫረታ ገበያ ከፈተ፤ ይህም በኋላ ኢቤይ የተባለው ነው። በመጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። ሻጩ ኦሚድያር ራሱ ነበር፤ ተገርሞም ገዢውን «የተሰበረ መሆኑን ዐውቀሃል?» ብሎ ጠየቀው። ገዢውም የተሰበሩትን የሚሰበስብ ሰው መሆኑን ነገረው። ከዚህ የምንማረው፥ ጉድለቱ የተነገረለት ዕቃም ፈላጊ የሚያገኝ መሆኑን ነው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ምስክርነቱን የሚጽፍበት መዝገብ ተከፈተ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚተማመኑበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውምና።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ዕቃው እንደ ውሉ ለመሆኑና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ መድን እንዲሆን ያደርገዋል። ጉድለቱን በተንኰል የሸሸገ ሻጭ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ቃል በውሉ ቢያገባ አይረዳውም። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመርና ጉድለት ቢያይ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። በተንኰል ሻጭ ብቻ ይበድላል ማለት አይደለምና፤ ደህናውን ተቀብሎ የራሱን አሮጌ የሚመልስ ገዢም አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጎረቤቴ ልጅ በኢንተርኔት ተጫርቶ ስልክ ገዛ። የመጣለት ስልክ ከተላከው ፎቶግራፍ ጋር የማይገናኝ፥ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነበር። ማንጎው ሥር ተቀምጠን የአቤቱታውን ደብዳቤ ጻፍንለት፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ልጅ ብስክሌቱን ሊሸጥ ፈልጎ «መምህር፥ ‹አዲስ የሚመስል› ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፍሬሙ ተሰብሮ የተበየደ ነው።

«ይህንንስ እንጻፈው?» አልሁት።

«እሱ ከተጻፈ ማን ይገዛዋል?» አለኝ።

እኔም የስልኩን ደብዳቤ ግልባጭ ከሣጥኔ አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ ጥቂት ቈየ። ከዚያም ብዕሩን ከእጄ ተቀብሎ «ፍሬሙ የተበየደ» ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። ብስክሌቱም ካሰበው ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ማንም አላመሰገነው፤ ማንም ግን ሊከሰው አልመጣም።

ልጆቼ ሆይ፥ ሐሰተኛ ከሚባለው ሰው ብዙው ፈጽሞ ያልነበረ ነገር የተናገረ አይደለም፤ ያለውን አሳንሶ፥ የጎደለውን አልፎ የተናገረ ነው። «ጥሩ»፥ «አዲስ የሚመስል» የሚሉት ቃላት ለዚህ የተመቹ ናቸው። ስለዚህ ስትሸጡ ዕቃውን የምትገልጹበትን ቃል ገዢ ሆናችሁ አንብቡት፤ ስትገዙም ያልተጻፈውን ጠይቁ። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። በሩቅ ገበያ ግን እስኪጠራ ድረስ ገንዘቡ የሚጠፋበት ሰው አለ፤ ያንን ሰው ባታዩትም እንደምታዩት አድርጋችሁ ጻፉ።