ካርዱ አለ፣ መንገዱስ?

ከካዛንቺስ ተነስታችሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወዳለው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ብትሄዱ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ በታክሲ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ይኼንኑ ርቀት ከፎገራ ገጠር፣ ምጥ ከጠናባት እናት ጋር አስቡት።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ100 ወሊዶች 21 ያህሉ በኦፕራሲዮን ነበሩ፤ በአገር ደረጃ ግን 2 ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ እስኪጠጋ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ሞት እየቀነሰ እንደሚሄድ ይናገራል። በ2 በመቶና በ10 በመቶ መካከል ያለው ክፍተት እንግዲህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዲያ ችግሩ ገንዘብ ነው? አንዱ ይኼ ነው። ደግነቱ ተዋጥቶ መረዳዳት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እድር አለን። እድር ግን የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከቀብር ጋር ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሐሳቡን ወደ ሕክምና አመጣው። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። አባወራው ወይም እማወራዋ ለቤተሰቡ በዓመት ያዋጣሉ፤ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል። ወሊድ ራሱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ከሚሰጡ አገልግሎቶች አንዱ ነው።

እሺ፣ ከዚያስ? አምቡላንስ ካልደረሰ መኪና መከራየት አለ። የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ አለ። ሆስፒታሉ የሌለውን መድኃኒት ከውጭ መግዛት አለ። ይኼ ሁሉ ወጪ ቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነገሩን እንደ ውሃ መስመር ያየዋል። ቧንቧው የቱንም ያህል ቢሰፋ አንድ ቦታ ላይ ከጠበበ፣ ቤታችሁ የሚደርሰው ውሃ በጠባቧ ልክ ነው። መድኑ ያሰፋው የክፍያውን ክፍል ነው። ርቀቱንና የሐኪም እጥረቱን የሚያሰፋው ሌላ ሥራ ነው፤ እሱም ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ለ3 ዓመት ሠልጥነው ከትልልቅ ከተሞች በራቁ ሆስፒታሎች በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ክፍሎችም ተሠርተዋል፤ ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ምጧ ሳይመጣ ቀድማ ገብታ ትጠብቃለች።

ስለዚህ «ስንት ሰው መድን ገባ?» የሚል ዜና ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ከቤቷ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ስንት ሰዓት ነው?