የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምና ከጤና ኬላ ወዲያ ያለው መንገድ

በኢትዮጵያ የገጠሩን ኅብረተሰብ የጤና አገልግሎት ተጠቃሚ ለማድረግ ከተነደፉት መርሐ ግብሮች መካከል ውጤቱ በአኃዝ ጎልቶ የታየው በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ አድርሷል። ሕሙማን ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያም ወደ ሆስፒታል በሚሸጋገሩበት መስመር ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ሲንከባለል የመጣ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው በወሊድ አገልግሎት ነው።

በሽታን ቀድሞ በመከላከል ላይ ያተኮረው አስተሳሰብ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር። በ1990 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲገመገም፣ ተቋማት ቢገነቡም መሠረታዊው አገልግሎት ወደ ቤተሰብ አለመዝለቁ ታየ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተቀረጸው ለዚህ ግምገማ ምላሽ እንዲሆን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 5,000 ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት አንድ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ ይሠራል፤ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይመደቡለታል። ሠራተኞቹ አሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቁ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩና ከዚያው ከኅብረተሰቡ የተመለመሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ለአንድ ዓመት በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጥነው የመንግሥት ደመወዝተኛ ይሆኑ ነበር። በአርብቶ አደር አካባቢዎች መስፈርቱን የሚያሟሉ ሴቶች በቂ ስላልነበሩ ወንዶችም እንዲካተቱ ተደርጓል። ሥራቸው ሲጀመር በ16 ፓኬጆች የተከፈለ ነበር። የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም፣ የውሃ አያያዝ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክትትል፣ ወባን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ኤች አይ ቪን መከላከል በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ከጤና ኬላው ይልቅ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ከቤት ቤት በመዘዋወር እንዲያሳልፉ ታስቦ የተዘጋጀም ነበር። በ2002 ዓ.ም ግድም የሠለጠኑት ቁጥር ከ30,000 በላይ ደርሷል።

ውጤቱን ለመመዘን በተለያዩ ዓመታት የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ሁነኛ ማስረጃ ናቸው። በ1992 ዓ.ም በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። ይህ አኃዝ በ1997 ዓ.ም ወደ 123፣ በ2003 ዓ.ም ወደ 88፣ በ2008 ዓ.ም ደግሞ ወደ 67 ዝቅ ብሏል። የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ድርሻም በ1992 ከነበረበት 8 በመቶ በ2008 ዓ.ም 36 በመቶ ደርሷል።

እነዚሁ ጥናቶች በሌላ ገጻቸው ሲታዩ ግን የሚያሳስብ ነገር ይዘዋል። ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም ባሉት ዓመታት፣ ፕሮግራሙ በተስፋፋበት በዚያው ወቅት፣ የእናቶች ሞት በተግባር ንቅንቅ አላለም። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር በ1997 የተመዘገበው 673፣ በ2003 ደግሞ 676 ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻም በ1992ም ሆነ በ1997 ዓ.ም 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም 10 በመቶ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ አስቸጋሪ እንቆቅልሽ አይደለም። አጎበር፣ ክትባትና ለተቅማጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር በጤና ኬላ ደረጃ ሊዳረሱ ይችላሉ። የሳንባ ምችን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማከም እንኳ ከ2002 ዓ.ም በኋላ ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተፈቅዷል። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳትን ወይም ምጥ የጠናባትን እናት ግን ጤና ኬላ ሊያድናት አይችልም። አዋላጅ ነርስ፣ ደም፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በሰዓቱ የሚደርስ ተሽከርካሪ ያስፈልጋል። የሕፃናት ሞትም ቢሆን የቀነሰው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ወር በኋላ ባለው ዕድሜ ነው። በ1992 ዓ.ም ከሞቱት 166 ሕፃናት 49ኙ ያለፉት ከተወለዱ በአንድ ወር ውስጥ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም ከ67ቱ 29ኙ በዚሁ ዕድሜ የሞቱ ናቸው። ቁጥሩ ቢቀንስም ድርሻው ከሲሶ በታች ከነበረበት ወደ ግማሽ ተጠግቷል።

በ2000ዎቹ አጋማሽ የተወሰዱት እርምጃዎች ይህንኑ መስመር ለመጠገን ያለሙ ነበሩ። ለየወረዳው አምቡላንስ ታደለ፤ የአዋላጅ ነርሶች ሥልጠና ተፋጠነ፤ የጤና መኮንኖች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ማሠልጠን ተጀመረ፤ የሴቶች የጤና ልማት ሠራዊትም ነፍሰ ጡሮችን እየለየ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ተደራጀ። መኪና በማይገባበት ቦታ መንደርተኛው እናትን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መንገድ ያደርሳል። ከመውለጃ ጊዜ አስቀድሞ የሚያርፉባቸው የእናቶች ማቆያዎች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተከፍተዋል። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እንዲህ ዓይነቱን ማቆያ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1976 መሆኑ ሲታይ፣ ሐሳቡ ወደ መላ አገሪቱ ለመዛመት ብዙ ዓመታት ወስዶበታል። በማቆያዎቹ ገንፎ እንዲገነፋና ቡና እንዲፈላ መደረጉ ለአንዳንድ የበላይ ኃላፊዎች ጥቃቅን ጉዳይ ይመስል ይሆናል። በቤቷ የምትወልድ እናት ተቋሙን ከምትሸሽባቸው ምክንያቶች አንዱ የወግና የዘመድ አለመኖር እንደሆነ የተረዱት ግን የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው።

በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2008 ዓ.ም 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 48 በመቶ ደርሷል። የእናቶች ሞትም በ2008 ዓ.ም ወደ 412 ወርዷል። ሆኖም በዚያው ዓመት በከተማ 79 በመቶ የነበረው የተቋም ወሊድ በገጠር 20 በመቶ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ችግር በአብዛኛው የወረዳ አስተዳደር ጉዳይ ነው። አምቡላንስ ከተሰጠ በኋላ ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና የሚሸፈነው ከወረዳ በጀት ሲሆን፣ ገንዘቡ ካልተያዘ ተሽከርካሪው ከግቢ አይወጣም። በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ገበሬው ሲታመም ብድር እንዳይገባ ይረዳል። መዋጮውን የከፈለ አባል ጤና ጣቢያ ደርሶ መድኃኒቱን ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዛ ሲታዘዝ ግን በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ለማደስ ያመነታል። ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹም በቀበሌ ካሉት ጥቂት ደመወዝተኞች መካከል ስለሆኑ ከሙያቸው ውጭ ለምዝገባ፣ ለስብሰባና ለልዩ ልዩ ዘመቻ ይጠራሉ። እንዲህ የዋለ ቀን ከቤት ለቤት ጉብኝቱ የተቀነሰ ቢሆንም በወርኃዊ ሪፖርት ላይ አይታይም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች በተካሄደው ጦርነት በርካታ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ወድመዋል፤ ንብረታቸውም ተዘርፏል። እ.ኤ.አ ከ2020 እስከ 2035 የሚዘልቀው የፕሮግራሙ ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ደግሞ ሁሉም ጤና ኬላ አንድ ዓይነት መሆኑ እንዲቀር ይደነግጋል። በዚህም መሠረት ከጤና ጣቢያ ርቀው የሚገኙት ነርስና አዋላጅ ነርስ ተመድቦላቸው ሰፋ ያለ አገልግሎት እንዲሰጡ፣ በቅርብ የሚገኙት ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጋር እንዲቀናጁ ታቅዷል። የትኛው ጤና ኬላ በየትኛው ደረጃ እንደሚመደብ ለመለየት በመጀመሪያ የሚጠየቀው፣ በክረምት ወራት ከዚያ ቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ያለች እናት ይዞ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ነው።