ከመሮ እስከ ሼደር

ቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይደረደራል፤ ሌላው ይፈለፈላል። የሚደረደረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ጭቃው፣ ማገሩ፣ ጣራው። የሚፈለፈለው ግን ግንባታም አይመስል። መሠረት አይጣልለትም፤ ሥራው ከጣራ ይጀምራል። ሙሉ ዐለት ይያዝና ቤት ያልሆነው ሁሉ እየተቀነሰ ይወረዳል።

የዋግና የላስታ ደጋ የዚህኛው ዓይነት አገር ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ። ወደ ደቡብ ሲወረድ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገቡት አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የዛጉዌ ነገሥታት አገዎች ነበሩ፤ ዙፋኑ እ.ኤ.አ. በ1270 ከእጃቸው ከወጣ በኋላም ዘራቸው በዋግ ሹምነት ዋግን ሲገዛ ኖሯል። ወደ ተከዜ በኩል ያለችው የአበርገሌዋ ኒሯቅም የዚሁ የዋግ ኽምራ ልጅ ናት።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ቱሪዝም ልጽፍ አይደለም። ስለ ኮምፒውተር ግራፊክስ ልጽፍ ነው።

ማንም ከማንም የማይነጋገርበት ደቦ

ስክሪናችሁ ላይ የምታዩት ምስል የነጥቦች ጥርቅም ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ሼደር ማለት እያንዳንዷን ነጥብ «ያንቺ ቀለም ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አጭር ፕሮግራም ነው። ነጥቦቹ ተራ አይጠብቁም፤ ጂፒዩ የሚባለው የግራፊክስ ማቀናበሪያ እጅግ ብዙዎቹን ባንድ ጊዜ ያሠራቸዋል። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደስ ከተባለ ከ124 ሚሊዮን በላይ መልስ በየሴኮንዱ መምጣት አለበት። ደግሞ አንዷ ነጥብ ጎረቤቷ ምን እንደመለሰች አታውቅም። ደቦ ነው፤ ግን ማንም ከማንም የማይነጋገርበት ደቦ።

ጀማሪውን የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። የለመድነው ፕሮግራም «መጀመሪያ ይህን ሳል፣ ቀጥሎ ያንን» እያለ ይሄዳል። ሼደር ውስጥ የሚስል የለም። ያለው ጥያቄ ብቻ ነው፦ እኔ ያለሁበት ቦታ ከቅርጹ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?

ከስቱዲዮ ወደ ብራውዘር

ታሪኩ የሚነሣው ከሲኒማ ነው። የሉካስፊልሙ ሮብ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1984 የአንድን ነገር ቀለምና ብርሃን አቀባበል ሠዓሊው ራሱ እንደ ፕሮግራም አቀናብሮ የሚጽፍበትን መንገድ አቀረበ። በዓመቱ ኬን ፐርሊን እንደ ዕብነ በረድና እንደ ደመና ያለ ገጽታ ከሒሳብ ብቻ እንደሚወጣ አሳየ፤ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1997 የኦስካር አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ሰጠው። ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1988 ሬንደርማንን ይፋ አደረገ፤ በ1995 ደግሞ «ቶይ ስቶሪ»ን ሠራበት። ያን ጊዜ የአንድ ፊልም አንዲት ምስል ተሠርታ እስክትወጣ ሰዓታት ትፈጅ ነበር። መሣሪያውም የባለጸጋ ስቱዲዮ ንብረት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የኤንቪዲያ ጂፎርስ 3 ካርድ ነገሩን ወደ ጌም ተጫዋቹ ቤት አመጣው። በ2004 ደግሞ የሼደር መጻፊያ ቋንቋ የኦፕንጂኤል 2.0 አካል ሆነ። ለእኛ ለድሃ አገር ልጆች ትልቁ ዓመት ግን 2011 ይመስለኛል። የሞዚላው ቭላዲሚር ቩኪቼቪች በ2006 የጀመረው ሙከራ አድጎ፣ ክሮኖስ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር ዌብጂኤል 1.0ን ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ሼደር ለመጻፍ የሚገዛ ሶፍትዌር የለም፤ የሚጫንም የለም፤ ብራውዘር ይበቃል። በ2013 ኢኒጎ ኪሌዝና ፖል ጄሬሚያስ ሼደርቶይን ሲከፍቱት ደግሞ ማንም ሰው የሌላውን ሥራ ከነኮዱ አይቶ፣ ነካክቶ የሚማርበት አደባባይ ተገኘ።

ቤተ ጊዮርጊስን እንፈልፍል

አሁን ወደ ዐለቱ እንመለስ።

የተለመደው የጌም ዓለም የሚደረደር ቤት ነው፤ ሦስት ማዕዘኖች ጎን ለጎን እየተገጣጠሙ ቆዳ ይሆናሉ። የሼደር ሰዎች የሚወዱት ሌላ መንገድ አለ፤ የርቀት መንገድ። ቅርጽ ማለት አንድ ቀመር ነው። ቦታ ስትሰጡት ከገጹ ምን ያህል እንደምትርቁ ይነግራችኋል፦ ውጭ ከሆናችሁ ከዜሮ በላይ፣ ውስጥ ከሆናችሁ ከዜሮ በታች። ሁለት ቅርጾችን ማዋሐድ ስትፈልጉ ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹን ውሰዱ። አንዱን ከሌላው መፈልፈል ስትፈልጉ የሚቀነሰውን ምልክት ገልብጡና ትልቁን ውሰዱ። በቃ። በትንሹና በትልቁ ቅርጽ የማቀናበርን ሐሳብ ሪቺ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ጽፎታል። ጆን ሃርት ደግሞ በ1996 እንዲህ ያለውን ቅርጽ በፍጥነት የማያ ዘዴ አሳተመ፦ ከዓይን የተነሣው ጨረር በየእርምጃው «ቅርቡ ግድግዳ ስንት ይርቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተነገረውን ያህል ብቻ ይራመዳል። በጨለማ በትር እየዘረጋ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ቤተ ጊዮርጊስን መሥራት ይቻላል። ሁለት ሣጥን አዋሕዱ፤ መስቀል ሆነ። ሰፊ ጉድጓድ ውሰዱና መስቀሉን ቀንሱለት። የቀረውን ጉድጓድ ከምድሩ ቀንሱ። መስቀሉ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ መካከል ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ውስጡን፣ በሩን፣ መስኮቱን ቀንሱ። ጣራው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎችስ? ሌላ መስቀል መጻፍ አያስፈልግም። ያው የርቀት ቀመር ከጠርዝ ወደ ውስጥ በየተወሰነ ርቀቱ መስመር ቢሰመርበት መስቀል በመስቀል ውስጥ ይወጣል። ሮን ኤግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አፍሪካ ፍራክታሎች ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን መስቀሎች ያካተተው አንድን ቅርጽ በራሱ ላይ የመደጋገሙን ጥበብ አይቶባቸው ነው።

እንግዲህ የዛጉዌ ጠራቢዎች ፕሮግራመር ነበሩ እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለው ጉራ ማንንም አይጠቅምም። ሪቺም ሃርትም ያን ስሌት የቀዱት ከላሊበላ አይደለም። የተገናኙት በችግሩ ላይ ነው፦ ገና ያልታየን ባዶ ቦታ አስቀድሞ በአእምሮ መያዝ። ልዩነታቸውም ትልቅ ነው። ኮድ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰረዛል። ዐለት ላይ አንዴ ያለቦታው ያረፈ መሮ መመለሻ የለውም። የትኛው የበለጠ ጥንቃቄና ስሌት እንደሚፈልግ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ጥበቡ የማን ነው?

ላሊበላን በሌሊት መላእክት እያገዙት ሠራው የሚለው ትውፊት የምእመኑ ነው፤ አልነካውም። ግራሃም ሃንኮክ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ የአውሮፓ ቴምፕላሮች እጅ ሳይኖርበት አይቀርም የሚል ግምት አስነብቧል። ከዚህ ግምት ውስጥ የጎደለው ሰው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። መሮ የያዘው ሰው የለም፤ ለክቶ፣ አስልቶ፣ ተሳስቶ፣ አስተካክሎ የተማረው ሰው የለም። ዛሬ አንድ ተማሪ ግራፊክስን «የፈረንጅ ምትሃት ነው» ብሎ ገና ከበሩ ሲመለስ የምሰማው ይህንኑ ዝምታ ነው። የአያቶቹን ሥራ ተአምር ብቻ ነው የተባለ ልጅ የራሱንም ሥራ ከተአምር ይጠብቃል።

የኒሯቅ ልጅ ችግር በእርግጥ በራስ መተማመን ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ብዙዎች ሰቆጣ ተጠልለው ከርመዋል። ከነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። «ብራውዘር ይበቃል» ማለት መብራትና መስመር ላለው ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር አለ። ሼደር ጽሑፍ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን የሚፈለፍለው ኮድ ከአንዲት ፎቶ ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ በፍላሽ ይዞራል፤ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከገባ ኢንተርኔት ባይኖርም ብራውዘሩ ይከፍተዋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ለበዓል ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ አንድ ፋይል ከአጭር የአማርኛ ማብራሪያ ጋር ቢይዝ ለአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሸክም አይሆንም። የመጀመሪያው ልምምድ አንድ ክብ ይሁን፣ ሁለተኛው መስቀል፣ ሦስተኛው ጉድጓድ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ማብራሪያውን ሳይጨርሱ የት እንዳዩት ይነግሩታል።