ከፒስተን ወደ ተርባይን፦ «እሸት» አይሮፕላንና የራያ ቆላ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ ከቆቦ እስከ አላማጣ በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ ሲሰፍር፣ ማሽላው ለአጨዳ ተቃርቦ ነበር። ገበሬው ከነቤተሰቡ ጅራፍ እያጮኸና ጣሳ እየደበደበ መንጋውን ከማሳ ወደ ማሳ አሳደደው እንጂ ሊያጠፋው አልቻለም። እንዲህ ያለውን መንጋ በስፋት የሚመታው ዝቅ ብሎ የሚበር የመድኃኒት መርጫ አይሮፕላን ነው። ኢትዮጵያ ይህን መሰሉን አይሮፕላን በመዲናዋ የገጣጠመችበት ዘመን ነበረ፤ ስሙንም «እሸት» ብላው ነበር።

የ«እሸት» መሠረቱ አግ-ካት የተባለው ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላን ነው። ግራማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በተለይ ለእርሻ ሥራ ነድፎት በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሞተሩ ሲሊንደሮቹ እንደ ፀሐይ ጮራ ዙሪያውን የተደረደሩ የፒስተን ሞተር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሞተሮች በገበያው ሞልተው ስለነበር ዋጋው ቀላል ነበር። ጦርነቱ እየራቀ ሲሄድ ግን መለዋወጫው ተመናመነ፤ ጥገናውም በዛ። ከዚህም በላይ ይህ ሞተር የሚጠጣው የአይሮፕላን ቤንዚን ከዋና ከተማ ርቆ ለሚሠራ አብራሪ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

መፍትሔው ከካናዳ መጣ። የፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ፒ.ቲ.6 ተርባይን ሞተር ክብደቱ 150 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ 600 የፈረስ ጉልበት የነበረው የፒስተን ሞተር ግን ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ነገር ግን ሞተር መለወጥ ነቅሎ መትከል ብቻ አይደለም። ቀላሉ ሞተር በቀድሞው ቦታ ቢታሰር አይሮፕላኑ ወደ ጭራው ስለሚያዘነብል፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደፊት ርቆ መታሰር አለበት። ተመልካችን የሚያስገርመው ረጅም አፍንጫ ለጌጥ የወጣ አይደለም። ነዳጁም ከላምባ የሚቀራረበው የጄት ነዳጅ ነው። እርግጥ ተርባይን ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፤ የመግዣ ዋጋውም ለአነስተኛ ባለንብረት የሚቀመስ አይደለም። ከሙቀትና ከከፍታ ጫናም ፈጽሞ ነፃ አይደለም። ሆኖም ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቀትር በሚግለው የቆቦ ሜዳ፣ መድኃኒት ተሸክሞ ለሚነሣ አይሮፕላን የተርባይኑ ትርፍ ጉልበት ትልቅ ዋስትና ነው።

በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ መገባደጃ፣ የአግ-ካትን መብት ከያዘው ከሽዋይዘር ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በአዲስ አበባ መገጣጠም ሲጀምር፣ የመረጠው ባለ ተርባይኑን ዓይነት ነበር። በፒስተን ጀምሮ ኋላ ከመለወጥ፣ ሌሎች በብዙ ድካም የደረሱበትን ከመነሻው መያዝ አስተዋይነት ነበር። 11 ያህል «እሸቶች» ከተገጣጠሙ በኋላ ግን ሥራው ቆመ።

በ2013 ዓ.ም. አንበጣው ራያ ሲደርስ የመርጫ አይሮፕላኖቹ ጥቂት ነበሩ። በጎ ፈቃደኞች ከየከተማው ማጭድ ይዘው ወርደው፣ መንጋው ሳይቀድማቸው ከገበሬው ጋር አጨዱ።